ስርዝ ያለበት ሊንክ

ግንቦት 18፣ ሰኞ። ጠዋት 3፡30

እንደገና ጠፍቷል። ዓርብ ሰማያዊ አድርጌ የተውኳቸው ሊንኮች ዛሬ ጥቁር ሆነው ጠበቁኝ። ማሽኑ፣ ሰነድ የሚያወጣልን ፕሮግራም፣ ቅዳሜና እሑድ አላረፈም። ሰነዱን ከኮዱ ውስጥ እንደ አዲስ አውጥቶ፣ የገጹን ቀለምና መስመር የሚወስነውን የእኔን የስታይል ፋይል አጥፍቶ፣ የራሱን አስቀምጧል። ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ደብተሬ፣ ለአንተ ላስረዳህ፤ ሌላ የሚሰማኝ የለም። ፕሮግራመሮቻችን ኮድ ሲጽፉ ከየፋንክሽኑ፣ አንድ ሥራ ከሚሠራው የኮድ ቁራጭ፣ ራስ ላይ አጭር ማስታወሻ ያኖራሉ። ይኼ ምን ይሠራል፣ ምን ተሰጥቶት ምን ይመልሳል። ማሽኑ ማስታወሻዎቹን ለቃቅሞ የሰነድ ገጽ ያደርጋቸዋል። የአንዱ ፋንክሽን ስም ሌላ ገጽ ላይ ከተነሳ ወደዚያ የሚወስድ ሊንክ ያደርገዋል። እስከዚህ ጎበዝ ነው። መልኩ ላይ ግን አይችልበትም። ሊንኩ ሊንክ አይመስልም። ጥቁር ቃል በጥቁር ቃሎች መሃል። አንባቢው መጫን እንደሚቻል በምን ይወቅ? በሱባኤ?

የቅጥር ደብዳቤዬ የሰነድ ባለሙያ ይላል። በተግባር የሊንክ ቀለም ቀቢ ነኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ብርሃኑ በበሩ ብቅ አለ። ሰነዱ ሐሙስ ለደንበኛው ይገባል አለኝ። ሊንኮቹ ጠፍተዋል አልኩት። ቀለም አይደል፣ ትንሽ ነገር ነው፣ ብሎ ሄደ። እሱ የማይሠራው ነገር ሁሉ ትንሽ ነው። ወገቤን ያመኛል። ከሰፈሬ ከፈረንሳይ እስከ ጉርድ ሾላ ሁለት ታክሲ፣ ሁለት ሰልፍ፣ ከዚያ ይኼ።

ግንቦት 19፣ ማክ. ከሰዓት

ጥፋቱ ተገኘ። ሊንኩ የኮድ ሣጥን ውስጥ ሲገባ የሣጥኑን ቀለም ይወርሳል፤ የእኔን ትእዛዝ አይሰማም። ከበድ ያለ ትእዛዝ ጻፍኩበት። ሰማያዊ ሆነ። ደስ አለኝ፣ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ብርሃኑ መጥቶ አየና ይኼ ሰማያዊ የድርጅታችን ሰማያዊ አይደለም አለ። የድርጅታችንን ሰማያዊ አደረግኩት። ግራጫው ሣጥን ዋጠው። እሺ ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት። መስመሩ የአማርኛውን ፊደል እግር ቆረጠው። መስመሩን ዝቅ አደረግኩት። አሁን ይነበባል። ፋይሌንም ማሽኑ የማይደርስበት ቦታ አኑሬዋለሁ። አንድ ቀን ሙሉ የሄደው በዚህ ነው። ምን ሠራሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር ምን እላለሁ?

ሐያት ግን አየችው። ሮሚዬ፣ አሁንማ ኮዴ ቆንጆ ሆነ አለችኝ።

ስለ ሐያት ጽፌልህ አላውቅም መሰለኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። የወራቤ ልጅ፤ ከቢሮው ፕሮግራመር ሁሉ የምትበልጥ፤ ኮንትራት ሠራተኛ። ባለፈው ፕሮጀክት ብርሃኑ ከርክክብ በኋላ ቋሚ ትሆኛለሽ ብሏት ነበር። ርክክቡ አለፈ፣ እሷ እዚያው ናት። አሁንም ከዚህኛው ርክክብ በኋላ ይላል። ኮንትራቷ ሰኔ 30 ያልቃል። እኔ እንደ ሙሽራዋ ካልታዘልኩ አላምንም ትላለች። ትስቃለች። ሳቋ ግን ድሮ ረዘም ይል ነበር።

ደንበኛው የመድኃኒት መጋዘን ነው። ሶፍትዌሩ የእያንዳንዱ መድኃኒት ጊዜ መቼ እንደሚያልፍ ያሰላል። ካርቶኑ ላይ ያለው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ወደ እኛ ቀን የሚመልስ የድሮ ፋንክሽን አለ፤ ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ ጳጉሜን ይዘላታል። ጳጉሜ ላይ የሚያልፍበትን መድኃኒት መስከረም ድረስ ደህና ነው ይላል። ሐያት ናት ያገኘችው። አዲስ ጻፈች፤ የድሮውን ደግሞ «ቀርቷል፣ አትጠቀሙ» የሚል ምልክት አደረገችበት። ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም፤ የድሮ ሪፖርቶች ይጠሩታል። ሌሎችም እንዲህ ያስቀረቻቸው አሉ። ማሽኑ የቀረ ነገር ስም በተነሳበት ሁሉ ሊንኩ ላይ በመሃሉ መስመር ያጋድምበታል። ካለው ስታይል ሁሉ ይኼን ብቻ አልነካሁበትም። ያየ ሁሉ ይገባዋል።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ደክሞኛል። አጭር እጽፋለሁ።

ደንበኛው ሰነዱን የሚፈልገው በወረቀት ነው። ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ በሦስት ቅጂ፣ ማኅተም አርፎበት። ሊንክ በወረቀት! በጣትህ ብትጫነው ወዴት ይወስድሃል? ብርሃኑ ደንብ ነው አለ። ደንብ ከሆነ ደንብ ነው።

መጀመሪያ ሲታተም ከየሊንኩ ኋላ ሙሉ አድራሻው በቅንፍ ወጣ። አንድ መስመር ጽሑፍ፣ ሦስት መስመር አድራሻ። የማተሚያው ወረቀት አለቀ፣ ሰው ጮኸብኝ። በአድራሻው ፋንታ የገጽ ቁጥር እንዲወጣ አደረግኩ። ከዚያ ሰማያዊው ገርጥቶ ወጣ፤ ማተሚያችን ጥቁር እንጂ ሌላ ቀለም የለውም። ስለዚህ ጥቁር እንዳይሆን ስንት ቀን የታገልኩለትን ሊንክ ለወረቀቱ ስል በገዛ እጄ ጥቁር አደረግኩት። ሐያት በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ማልቀስ አማረኝ።

መዝገብ ቤታቸው ተቀብሎ ቁጥር ሰጠው። አለቀ። ተመስገን።

ግንቦት 24፣ እሑድ። ረፋድ

ከሐያት ጋር እንጦጦ ወጣን። ሐኪሙ ለወገብሽ ዳገት ውጪ ብሎኛል፤ ዳገት እንደሆነ ሰፈሬ ሞልቶ ተርፏል። እሷ እያወራች ትወጣለች፣ እኔ እያለከለክኩ እሰማለሁ።

ዓርብ አረፋ ነው። ወራቤ ትገባለች። አባቷ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው፤ አንቺ ያዥው ካሉ ቆይተዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። የሚሉትም ልክ ነው፤ ቋሚ ካላደረጉሽ አይፈልጉሽም ማለት ነው፣ ለማይፈልግሽ ሰው ስንት ዓመት ትሠሪያለሽ ይሏታል። ለአረፋ ቁርጡን ንገሪኝ ብለዋታል። እኔስ ምን ልበላቸው ሮሚዬ አለችኝ። ቋሚ ካልሆነች እሺ ልትላቸው ነው። ሚስማርና ቀለም ልትሸጥ።

ሰነዱ ገብቷል፣ ርክክቡ በዚህ ሳምንት ያልቃል፣ ትንሽ ታገሺ አልኳት። ስናገረው አምኜበት ነበር። ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠን ውኃ ጠጣን። ከተማው ከታች በጉም ተሸፍኖ አይታይም።

ግንቦት 26፣ ማክ.

አልተረከቡም።

ተረካቢ ኮሚቴው ጠራን፤ ብርሃኑና እኔ ሄድን። ሰብሳቢው አቶ ታደሰ ይባላሉ። ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ዕድሜያቸውን መዝገብ ቤት የፈጁ ሰው። ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል። እውነቴን ነው። ከእኔ ሌላ ያንን ሰነድ ያነበበ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በየገጹ ቁራጭ ወረቀት ሰክተዋል። ገለጡት። ሊንክ፣ በመሃሉ መስመር። ሌላ ገለጡ። ሊንክ፣ በመሃሉ መስመር።

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ አንረከብም» አሉ።

ብርሃኑ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሳቁን ዋጠው።

አስረዳሁ። ስሕተት ታርሞ አይደለም፤ የቀረ ፋንክሽን ነው፤ ማሽኑ ሆን ብሎ ነው የሚሰርዘው አልኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ማን ነው የሰረዘው አሉ። ማሽኑ አልኩ። እንግዲያው ማሽኑ ይፈርምበታ፣ አሉ። እየቀለዱ ይሁን አይሁን ፊታቸው ላይ አላገኘሁትም። እዚያ ቤት ስርዝ ካለ የሰረዘው ሰው አጠገቡ ይፈርምበታል። እሳቸው መሥሪያ ቤት ከገቡ ጀምሮ እንዲህ ነው። ያልተፈረመበት ስርዝ ያለበት ወረቀት ነገ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ማንም አይቀበለውም አሉ። እውነት ነው፤ የቤት ኪራይ ውላችን ላይ እንኳ አንድ ቁጥር ተሰርዞ እኔና አከራዬ ፈርመንበታል። ለማሽን እንዲህ ይደረጋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ስንመለስ ለሐያት የነገርኳት እኔ ነኝ። እሺ አለች። እሺ ብቻ። ወደ ስክሪኗ ዞረች።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ብርሃኑ፦ መስመሩን አንሺውና እንደገና ይታተም። አንድ መስመር ስታይል ነው፣ አምስት ደቂቃ።

እውነቱን ነው፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀ። አነሳሁት። አተምኩት። ገጹ ንጹሕ ሆነ። የድሮው ፋንክሽንና የሐያት ፋንክሽን ከላይና ከታች ተደርድረዋል፤ ስማቸው ይመሳሰላል፣ የድሮው አጠር ይላል፣ ፊተኛውም እሱ ነው። ወረቀቱን ይዤ ብርሃኑ ጋ ገባሁ። አንተ የመጋዘኑ ፕሮግራመር ብትሆን የትኛውን ትጠራለህ አልኩት። ሳያስብ ጣቱን አኖረ። ጳጉሜን በማያውቀው ላይ። ያ ነው የተሰረዘው አልኩት። ጣቱን አነሳ። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ጥድፊያው ነው። ሌላ ዘዴ ፈልጊ አለኝ።

ፈለግኩ። ከሊንኩ አጠገብ «ቀርቷል» የሚል ቃል እንዲወጣ አደረግኩ፤ መስመር የለ፣ ስርዝ የለ። ጥሩ ነው። እንዲያውም ከመስመሩ ይሻላል። ባለፈው ሳምንት ባስበው ምናለ! ሦስት ቅጂ አተምኩ። ነገ ራሴ እወስደዋለሁ።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ። ምሳ ሰዓት፣ መንገድ ላይ

ዝናብ። ካፌ ውስጥ ተጠግቼ ነው የምጽፍልህ። ተጠርዞ የወሰድኩት ሦስቱም ቅጂ በፌስታል ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነው። አልተቀበሉኝም።

አቶ ታደሰ አዲሱን ገልጠው አዩት፤ ይኼ ይሻላል አሉ እንኳ። ግን የፊተኛው መዝገብ ገብቷል፣ ቁጥር አለው። እሱን አውጥቶ ሌላ ማስገባት ሰነድ መለወጥ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያላደረግኩትን ዛሬ አላደርግም አሉ። በአዲስ ደብዳቤ እናስገባ ብንል ኮሚቴው እንደገና የሚቋቋመው በአዲሱ በጀት ዓመት ነው። የሐያት ኮንትራት ያኔ የለም።

ጌታዬ፣ እና ምን ይደረግ፣ አልኳቸው። ድምፄ ሳይሰበር አልቀረም፤ ወንበር ሳቡልኝ። መዝገብ ውስጥ ባለው ላይ የሰረዘው ሰው በየስርዙ አጠገብ ይፈርም፣ በማግስቱ እንረከባለን አሉ። ማሽኑን ስረዝ ብሎ ያዘዘው ማነው አሉኝ። ሐያት አልኩ። የድርጅቱ ሠራተኛ ናት? ኮንትራት ናት አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። የርክክብ ሰነድ ላይ የኮንትራት ሠራተኛ ፊርማ አይያዝም፤ ነገ ብትሄድ ማን ይጠየቃል? ቋሚ መሆን አለባት። ሥራ አስኪያጁስ አልኳቸው። አስረካቢው እሱ ነው፤ ራሱ በሚያስረክበው ሰነድ እርማት ላይ አይፈርምም አሉ።

ያዝልኝ እስቲ ደብተሬ። ርክክቡ እንዲያልቅ ሐያት መፈረም አለባት። ሐያት እንድትፈርም ቋሚ መሆን አለባት። ቋሚ የምትሆነው ግን ርክክቡ ሲያልቅ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ወራቤ ትሄዳለች። ደወልኩላት፤ ነገርኳት። ስቃ ስቃ፣ ሮሚዬ ተዪው በቃ፣ ደከመሽ አለችኝ። እሷ ለእኔ አዘነች።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ። ከሰዓት፣ ቤት

ግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ቢሮው ጭር ብሎ ነበር። ብርሃኑ አቶ ታደሰን አስፈቅዶ ሦስቱን ቅጂ ለፊርማ አስመጥቷል፤ የመዝገብ ቤቱ ልጅ ራሱ ይዞ መጣ፣ ራሱ ይመልሳል፣ ሰኞ። ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልለዋል። ቁራጭ ወረቀቶቹ እንደተሰኩ ናቸው።

ብርሃኑ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰው የሚያባብል አነጋገር አለው ሲፈልግ። «ሮማን፣ መስመሩ ስታይል አይደል? ስታይል ደግሞ ያንቺ ነው። አንቺ ቋሚ ነሽ። ፈርሚና እንገላገል።»

ነገሩ አሳቀኝ፤ ሊያሳምነኝም ምንም አልቀረው። እውነትም መስመሩ ስታይል ነው። ውፍረቱን እኔ ልቀይረው እችላለሁ፣ ቀለሙን እኔ፣ ማንሳትም እኔ። እስክሪብቶ አነሳሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ምን ያህል እንደደከመኝ አታውቅም ደብተሬ። ፊርማዬ ደግሞ ትንሽ ናት፣ አንድ ጭረት። እስከ ሰባት ሰዓት እጨርስ ነበር። ቤቴ እገባ ነበር። እተኛ ነበር።

ሐያትስ አልኩት። ከርክክቡ በኋላ አለኝ። ያችኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ውሸቱን አይደለም ብዬ አስባለሁ፤ ሲናገረው ያምንበታል። ርክክቡ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ርክክብ ይመጣል፣ ይረሳታል። እኔ ከፈረምኩ የሐያት ፊርማ ለማንም አያስፈልግም። እስከዛሬ ሲፈልጋት ያየሁት ዛሬ ብቻ ነው፤ የሚፈልጋትም አቶ ታደሰ ግድ ስላሉት ነው።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

መስመሩ እንዴት እንደሚታይ የምወስነው እኔ ነኝ፤ ያ ፋንክሽን ይቅር ብላ የወሰነችው ግን እሷ ናት። መርምራ ጳጉሜ እንደጠፋች ያየችው እሷ ናት። የሰረዘው ይፈርም ብለዋል፤ እኔ አልሰረዝኩም። አልፈርምም አልኩት። የቋሚነት ደብዳቤዋን ዛሬ ጻፍና ሰኞ ራሷ ትፈርማለች። ድምፄ ጮክ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ጥበቃው ብቅ ብሎ አየን።

ብርሃኑ ቀላ። እያስገደድሽኝ ነው አለ። አዎ አልኩት። አዎ ማለቴ ለራሴም ገረመኝ። ተነስቶ ወጣ። በሩን በኃይል አልዘጋውም፣ ያ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ሁለቱንም ሰልፍ ቆሜ ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም።

ሰኔ 1፣ እሑድ። ከሰዓት

ከቤት አልወጣሁም። ዳገትም የለ፣ ምንም የለ። ስልኬን ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ። ለብርሃኑ ትናንት ማታ አጭር መልእክት ልኬለታለሁ፦ ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት ካለ ሰነዱ በዕለቱ ተፈርሞ ይመለሳል፤ ከሌለ በእኔ በኩል የሚፈርም የለም። እንዳነበበው ያሳያል። መልስ የለም።

ከሥራ ቢያባርረኝስ? አያባርረኝም። ካባረረኝስ? ያቺን ሐሳብ ከማለዳ ጀምሮ ሳገላብጣት ዋልኩ። ፈርቻለሁ። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ትናንት የተናገረችው ሴት ዛሬ የት እንደገባች አላውቅም።

አሁን ሐያት ደወለች። ከኋላዋ የልጆች ጩኸት፣ የዘመድ ድምፅ፤ አረፋው ገና አላለቀም። አባቷ ምሳ ላይ ጠይቀዋታል። ማታ እነግርዎታለሁ ብላለች። እና ሮሚዬ ምን ልበላቸው፣ ነገ ልምጣ ወይስ እዚሁ ልቅር፣ አለችኝ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። ሁለቱንም ለመስማት የተዘጋጀች።

ደብዳቤው ተጽፏል ማለት አልቻልኩም፤ አልተጻፈም። ይጻፋልም ማለት አልቻልኩም። እኔ እንዳልፈረምኩ ነገርኳት፣ ለምን እንዳልፈረምኩም። የሄደች መስሎኝ ሁለቴ ሃሎ አልኩ።

ነይ አልኳት። በማለዳው መኪና ነይ፤ ሦስቱም ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ እስክሪብቶሽን ይዘሽ ነይ። ብርሃኑ ገና አልመለሰልኝም።